ከኦቬችኪን ሪከርድ ጀርባ የተረሳው ቡድን

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 18 ቀን 2024 የአይስ ሆኪው ክለብ ዋሽንግተን ካፒታልስ ከዩታ ጋር እየተጫወተ ነበር። አምበሉ አሌክሳንደር ኦቬችኪን በዚያ ምሽት ሁለት ጎል አግብቷል። ከዚያ ከተጋጣሚ ተጫዋች ጋር እግር ለእግር ተጋጨ። ሐኪሞች ሲያዩት የግራ እግሩ አጥንት ተሰብሯል። ሰውየው 39 ዓመቱ ነው። በ18 ጨዋታ 15 ጎል አግብቶ ሊጉን በጎል እየመራ ነበር። «በቃ፣ የዘንድሮው ነገር አለቀ» ያለው ሰው ብዙ ነው።

ኦቬችኪን በዚህ ጉዳት 16 ጨዋታ አመለጠው። ካፒታልስ ከ16ቱ 10ሩን አሸነፈ።

ስለ 2024-25 የውድድር ዓመት ሲወራ ይህን ቁጥር የሚያነሳ ሰው እምብዛም አይገኝም። ወሬው ሁሉ ስለ 895ኛዋ፣ የሊጉን የምንጊዜም የጎል ሪከርድ ስለሰበረችው የኦቬችኪን ጎል ነው። መወራቷ ተገቢ ነው፣ እኔም እመጣባታለሁ። ግን ይህ ቡድን በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ተለወጠ፣ በግንቦትስ ለምን ቆመ የሚለውን ለመረዳት ከፈለጋችሁ፣ መልሱ ያለው ኦቬችኪን ባልነበረባቸው በእነዚያ ሳምንታት ነው።

አይስ ሆኪን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላብራራ። በእያንዳንዱ ወገን ግብ ጠባቂውን ጨምሮ ስድስት ሰው በረዶ ላይ ይሰለፋል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። የሚመታው ኳስ ሳይሆን ፓክ የሚባል ጠጣር ክብ ጎማ ነው። በጣም ስለሚያደክም ተጫዋቾች ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይቀያየራሉ፣ ያውም ጨዋታው ሳይቆም። ለዚህ ነው አንድ ቡድን በየጨዋታው አራት የአጥቂ መስመር ይዞ የሚገባው። ምርጥ የሚባል አጥቂ እንኳ ከ60 ደቂቃ ውስጥ የሚጫወተው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ኦቬችኪን በዚያ ዓመት በአማካይ ወደ 18 ደቂቃ ገደማ ነበር የሚጫወተው።

እስቲ ይህን ከቅርጫት ኳስ ጋር አስተያዩት። እዚያ ኮከቡ ከ48 ደቂቃ 38ቱን ይጫወታል፣ ቡድኑን በጀርባው አዝሎ ይሄዳል። በሆኪ ያ አይሠራም። ኮከቡ በሌለበት 40 ደቂቃ ውስጥ የሚጫወቱት ሰዎች ደካማ ከሆኑ ቡድኑ ይሸነፋል፣ ኮከቡ ምንም ያህል ቢያገባ። ካፒታልስ ይህን በራሱ ላይ አይቶታል፣ ያውም ለበርካታ ዓመታት።

ወደ ኋላ አንድ ዓመት እንመለስ። በ2023-24 ካፒታልስ ከ82 ጨዋታ 91 ነጥብ ሰበሰበ። አሸናፊ 2 ነጥብ ያገኛል፣ በጭማሪ ሰዓት የተሸነፈ ደግሞ 1። ከ32 ቡድኖች 16ቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ያልፋሉ። ካፒታልስ የገባው ለጥቂት ነው፣ መደበኛው ውድድር ሊያልቅ ሲል። የገባበት የጎል ዕዳ 37 ነበር። የጎል ዕዳ ይዞ ጥሎ ማለፍ መግባት በራሱ አስገራሚ ነው፣ 37 ዕዳ ግን ቀልድ ይመስላል። በጥሎ ማለፍ ሁለት ቡድኖች ተደጋግመው ይገናኛሉ፣ አራት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ ያልፋል። ኒው ዮርክ ሬንጀርስ 4 ለ 0 በሆነ የተከታታይ ጨዋታ ውጤት አሰናበተው። በአራቱ ጨዋታ ካፒታልስ ያገባው በድምሩ 7 ጎል ነው። ኦቬችኪን አንድም አላገባም፣ አንድም አላመቻቸም። ይህችን 7 ቁጥር ያዙልኝ።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ክለብ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ያረጁትን ይሸጣል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሆን ብሎ ከታች ይቀመጣል፣ ክለቦች በየዙሩ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት በድራፍት ምርጥ ምርጥ ወጣት ይሰበስባል። በአሜሪካ ስፖርት ወራጅ ቀጠና ስለሌለ፣ በድራፍትም ቅድሚያ የሚሰጠው ለደካሞቹ ስለሆነ ከታች መሆን ሽልማት አለው። ካፒታልስ ግን ያን ማድረግ አልፈለገም። አንድ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ኦቬችኪን 853 ጎል ላይ ደርሷል፣ የዌይን ግሬትስኪ ሪከርድ 894 ነው፣ 42 ጎል ይቀረዋል። ሜዳውን የሚሞላው፣ ማሊያ የሚያሸጠው ይህ ነው። ቡድን እያፈረሱ ይህን ሪከርድ ማሳደድ አይቻልም።

ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚጥመው።

የሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ ጥብቅ የደመወዝ ጣሪያ አለው። በ2024-25 ጣሪያው 88 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ባለጸጋ ስለሆንክ ብቻ መብለጥ አትችልም። የኦቬችኪን ደመወዝ ብቻውን 9.5 ሚሊዮን ይወስዳል። ኒክላስ ባክስትሮም 9.2 ሚሊዮን፣ ቲ.ጄ. ኦሺ 5.75 ሚሊዮን ይዘው ተቀምጠዋል። ሁለቱም በ2018 ዋንጫ ያመጡ ሰዎች ናቸው። ሁለቱም ግን አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸዋል፤ ባክስትሮም ዳሌው፣ ኦሺ ጀርባው። በ2024-25 አንድም ጨዋታ አልተጫወቱም። ሕጉ ደግሞ ለረጅም ጊዜ የተጎዳ ተጫዋች ካለህ በእሱ ደመወዝ ልክ ከጣሪያው በላይ እንድታወጣ ይፈቅዳል። በዚህ መንገድ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦታ ተከፈተ። ጭካኔ ያለበት ሒሳብ ነው፣ ግን ሒሳብ ነው። የሁለት አንጋፋዎች ጉዳት ለአዲሶቹ በር ከፈተ።

በ2024 ጁን እና ጁላይ የተደረገው ግዢ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ገብቶ ሌላው አገላብጦ የተወውን ጥሩ ጃኬት መርጦ እንደሚወጣ ሰው ዓይነት ነበር። ፒየር ሉክ ዱቧን ተመልከቱ። ሎስ አንጀለስ ለስምንት ዓመት በየዓመቱ 8.5 ሚሊዮን ሊከፍለው ፈርሞ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ተማረረበት። 82 ጨዋታ ተጫውቶ ጎልም ማመቻቸትም ተደምሮ 40 ብቻ። ከዚያ በፊት ከኮሎምበስም ከዊኒፔግም ልቀቁኝ ብሎ ነው የወጣው፣ ስሙ ጥሩ አልነበረም። ካፒታልስ ግብ ጠባቂውን ዳርሲ ኬምፐርን ሰጥቶ ወሰደው፣ ከነሙሉ ደመወዙ። እኔ በጊዜው ይህን ዝውውር ባይ «ምን ነካቸው?» ባልኩ ነበር፣ አብዛኛው ተንታኝም ያለው ይህንኑ ነው። ዱቧ በመጀመሪያ ዓመቱ 66 ላይ ደረሰ፣ በሕይወቱ ከፍተኛው።

ግብ ጠባቂው ሎጋን ቶምፕሰን ከቬጋስ የመጣው በሁለት የሦስተኛ ዙር የድራፍት ዕጣ ነው። የሦስተኛ ዙር ዕጣ ማለት ብዙ ጊዜ ስሙን የማትሰሙት ልጅ ማለት ነው። ደመወዙ ያኔ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ነበር። ቶምፕሰን ራሱ በድራፍት ማንም ያልመረጠው ሰው ነው። በካፒታልስ 31 ጨዋታ አሸንፎ በመደበኛ ሰዓት የተሸነፈው 6 ጊዜ ብቻ ነው። ገና ጃንዋሪ ላይ የስድስት ዓመት ውል አስፈረሙት፣ በዓመት 5.85 ሚሊዮን። ተከላካዩ ጄኮብ ቺክረን ከኦታዋ በኒክ ጄንሰንና በአንድ የሦስተኛ ዙር ዕጣ ተቀየረ። ተከላካይ ሆኖ 20 ጎል አገባ። ማርች ላይ እሱም በዓመት 9 ሚሊዮን ዶላር ለስምንት ዓመት ፈረመ። ማት ሮይ ደግሞ ውሉን ጨርሶ ከሎስ አንጀለስ በነፃ መጣ፣ ሥራው ጎል ማግባት ሳይሆን ማስጣል ነው።

በዚያ ዓመት ከቡድኑ ከፍተኛውን የጎልና የማመቻቸት ድምር ያስመዘገበው ኦቬችኪን አይደለም። ዲላን ስትሮም ነው፣ 82። እሱም በ2022 ቺካጎ ውል ላለማቅረብ ወስኖ የለቀቀው ልጅ ነው። ያን ጊዜ ካፒታልስ በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የአንድ ዓመት ውል አነሳው። ይህ ክለብ ሌሎች ተስፋ የቆረጡበትን ተጫዋች መምረጥ ልማዱ ሆኗል። ሁልጊዜ አይሳካም፤ በዚያ ዓመት ግን በአንድ ጊዜ አራት አምስቱ ተሳኩለት። ይህን ሁሉ የአስተዳደር ጥበብ ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም። ዕድልም አለበት።

አሰልጣኙ ስፔንሰር ካርበሪ የራሱ ድርሻ አለው። በታችኞቹ ሊጎች አሰልጥኖ ያደገ ሰው ነው። በደቡብ ካሮላይና ጀመረ፣ በፔንሲልቬንያዋ የቸኮሌት ከተማ በኸርሺ የካፒታልስን መጋቢ ቡድን አሰለጠነ፣ ከዚያ ቶሮንቶ ረዳት ሆኖ ተመለሰ። በ2025 የሊጉ ምርጥ አሰልጣኝ ሲባል በሦስቱም የሊግ እርከኖች ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የጨዋታ ዘዴው ሲጠቃለል ፍጥነት ነው። ፓኩን እንደነጠቁ ወዲያው ወደፊት፣ ተከላካይ ሳይሰለፍ መድረስ። ደግሞ አራቱንም መስመር ያምናል። በዚያ ዓመት ሰባት ተጫዋቾች 20 እና ከዚያ በላይ ጎል አገቡ። ኦቬችኪን 44፣ ቶም ዊልሰን 33፣ አሊአክሴይ ፕሮታስ 30፣ ስትሮም 29፣ ኮነር ማክማይክል 26፣ ዱቧና ቺክረን 20፣ 20።

ከእነዚህ ሁሉ እኔን የሚደንቀኝ ፕሮታስ ነው። ከቤላሩስ የመጣ ግንደ ረጅም ልጅ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 78 ጨዋታ ተጫውቶ 6 ጎል ነበረው። ከ6 ወደ 30! በበጋ የተገዛ ሰው አይደለም፣ እዚያው ቡድን ውስጥ የነበረ ነው። ኦቬችኪን ተጎድቶ ሲወጣ ክፍተቱን የሞሉት እንዲህ ያሉት ናቸው። እነዚያ 10 ድሎች ከሰማይ አልወረዱም።

ኦቬችኪን ዲሴምበር 28 ቶሮንቶ ላይ ተመለሰ፣ በተመለሰበት ቀንም አገባ። ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ነው። ኤፕሪል 4 በሜዳው ቺካጎ ላይ ሁለት አግብቶ 894 ላይ ከግሬትስኪ ጋር እኩል ሆነ። ኤፕሪል 6 ቀን 2025 ከኒው ዮርክ አይላንደርስ ጋር ሲጫወቱ በሎንግ አይላንድ አለፈው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ አይላንደርስ በቅጣት አንድ ሰው ጎድሎባቸዋል። ዊልሰን አሻገረለት፣ እሱ ሃያ ዓመት ሙሉ ከቆመባት ከግራ በኩል ካለችው ክብ ላይ መታት። ግብ ጠባቂው ኢሊያ ሶሮኪንም ሩሲያዊ ነው። 895። ኦቬችኪን በደረቱ በረዶው ላይ ተንሸራተተ፣ ጨዋታው ቆመ፣ ግሬትስኪ ራሱ ወርዶ ጨበጠው። የሚገርመው ነገር ጨዋታው ለኦቬችኪን 1,487ኛው ነበር። ግሬትስኪ በመላ ዘመኑ የተጫወተውም 1,487 ነው። ግሬትስኪ የጎርዲ ሃውን 801 አልፎ አንደኛ ከሆነ 31 ዓመት ሆኖት ነበር።

ካፒታልስ በዚያ ቀን 4 ለ 1 ተሸነፈ። ማንም አላስታወሰም።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ታማኝ አልሆንም። ኦቬችኪን በ2017 ለፑቲን ድጋፍ ንቅናቄ በስሙ ያስጀመረ ሰው ነው። ዩክሬን ከተወረረች በኋላ ብዙ ደጋፊ በዚህ ጉዳይ ልቡ ተከፍሏል፤ ደስታውም ከዚህ ጋር የተደባለቀ ነው። ጎሎቹ ግን ጎሎች ናቸው።

ዲሲና አካባቢው ደግሞ የእኛም ሰፈር ነው። በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸው ቦታዎች ቀዳሚው ነው። ሆኪ አይቶ የማያውቅ የታክሲ ወይም የኡበር ሾፌር እንኳ የካፒታልስን የጨዋታ ምሽት ያውቃል። ቻይናታውን አካባቢ መንገዱ ይዘጋጋል፣ ቀይ ማሊያ የለበሰ ሰው ይጎርፋል፣ ሥራም አለ። ለዚህ ነው ባለቤቱ ቴድ ሊዮንሲስ በ2023 ዲሴምበር ክለቡን ወንዝ አሻግሮ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድርያ ሊወስድ ማሰቡን ሲናገር መሃል ከተማው የደነገጠው። ዕቅዱ በ2024 ማርች ፈረሰ። ዲሲ ለሜዳው እድሳት 515 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ክለቡን አስቀረ። ከዚያ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ሙሉ ዓመት ሪከርድም ድልም አብረው መጡ። ከተማዋ ያወጣችው ብር ቢያንስ ለአንድ ዓመት የሚያናድድ አልሆነም።

መደበኛው ውድድር ሲያልቅ ካፒታልስ 111 ነጥብ ነበረው። 51 ድል። ከምሥራቁ ምድብ አንደኛ። ከዓመቱ በፊት 37 የነበረው ዕዳ ከ50 በላይ ትርፍ ሆነ። በአንድ ዓመት 20 ነጥብ መጨመር ትልቅ ነገር ነው።

ግን ከቁጥሮቹ ሥር አንድ የሚያሳስብ ነገር ነበር። በሊጉ ውስጥ አንድ ቡድን በአማካይ ከ100 ምት 10 ወይም 11 ጎል ያገባል። ካፒታልስ በዚያ ዓመት ከ12 በላይ ነበር የሚያገባው፣ ከሊጉ ቀዳሚዎች አንዱ። ብዙ አይመታም፣ የሚመታው ግን ይገባለታል። የዚህ ግማሹ ችሎታ ነው፤ በፍጥነት የሚመጣ ጥቃት ግብ ጠባቂውን ሳይዘጋጅ ያገኘዋል። ግማሹ ደግሞ ነፋስ ነው፣ ይመጣል፣ ይሄዳል። በዚህ ላይ የተመሠረተ ቡድን አንድ ቀን ፍጥነቱን የሚዘጋበት ተጋጣሚ ሲመጣ ምን ያደርጋል?

መጀመሪያ ሞንትሪያል መጣ፣ ችግር አልሆነም። በመጀመሪያው ጨዋታ ኦቬችኪን በጭማሪ ሰዓት አሸናፊዋን አገባ። በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ በጥሎ ማለፍ በጭማሪ ሰዓት ሲያገባ የመጀመሪያው ነው። ካፒታልስ 4 ለ 1 አለፈ፣ በአምስት ጨዋታ 18 ጎል አገባ።

ከዚያ ካሮላይና መጣ። ካሮላይና ሰው ለሰው ይይዛል፣ ፓኩን ገና ከራስህ ሜዳ ሳታወጣው ይደርስብሃል። በመጀመሪያው ጨዋታ ካፒታልስ በሜዳው፣ ጭማሪ ሰዓት ተጨምሮበት፣ የመታው 14 ብቻ ነው። ካሮላይና 33። ውጤቱ 2 ለ 1 ካሮላይና። ሁለተኛውን ካፒታልስ 3 ለ 1 አሸነፈ። ከዚያ 4 ለ 0፣ 5 ለ 2፣ 3 ለ 1 ተሸነፈ። የመጨረሻው ጨዋታ ሜይ 15 ዋሽንግተን ላይ ነበር። 1 ለ 1 ሆኖ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው አንድሬ ስቬችኒኮቭ አገባና ጉዳዩን ጨረሰው።

አሁን ደምሩት። በአምስት ጨዋታ ካፒታልስ ያገባው 7 ጎል ነው። ከዓመቱ በፊት ሬንጀርስ ላይ ያገባውም 7 ነበር። 20 ነጥብ ተጨመረ፣ ግማሽ ቡድን ተቀየረ፣ ሪከርድ ተሰበረ፣ መውጫው ላይ ያለው ቁጥር ግን ያው ሆነ። ሁለቱ ሽንፈቶች አንድ ዓይነት ናቸው እያልኩ አይደለም። የ2024ቱ ቡድን አቅም አልነበረውም። የ2025ቱ አቅም ነበረው፣ መንገዱ ግን አንድ ብቻ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ በግድግዳው ሥር ፓክ ይዞ የሚታገል፣ ተከላካይ ላይ ተደግፎ ቦታ የሚፈጥር ሰው አልበቃውም። ካሮላይና ራሱ በቀጣዩ ዙር ፍሎሪዳ ላይ 4 ለ 1 ወደቀ፣ ፍሎሪዳም ዋንጫውን ወሰደ። ስለዚህ ከካሮላይና ጋር ያለው ርቀት ብቻ ሳይሆን ከፍሎሪዳ ጋር ያለውም መለካት አለበት፣ እሱ ደግሞ የበለጠ ረጅም ነው።

ክለቡ በዚያው በጋ ገበያ ውስጥ ብዙ አልተንቀሳቀሰም። ኦሺ በጁን 2025 ጫማውን ሰቀለ። አንድሪው ማንጂያፓኔ ወደ ኤድመንተን ሄደ። የመጡት ጀስቲን ሱርዲፍና ዴክላን ቺዝሆልም ቡድን የሚያሟሉ እንጂ የሚለውጡ አይደሉም። ትልቁ ተስፋ ከቦስተን ኮሌጅ የመጣው ወጣቱ ራያን ሊዮናርድ ነው። ክለቡ ያለውን አምኖ ቆየ ማለት ነው። ከ111 ነጥብ በኋላ ይህ ስህተት ነው ማለት ይከብዳል፤ ለእኔ ግን ድፍረት የጎደለው ይመስለኛል። የሊጉ የደመወዝ ጣሪያ ለ2025-26 ከ88 ወደ 95.5 ሚሊዮን አድጓል፣ ቦታ ነበረ።

ኦቬችኪን በኖቬምበር 2025 በ40 ዓመቱ 900ኛውን አገባ። በሊጉ ታሪክ እዚያ የደረሰ ሌላ ሰው የለም። በ2021 የፈረመው የአምስት ዓመት ውል የሚያበቃው በ2025-26 የውድድር ዓመት ማብቂያ ነው። ያኔ 9.5 ሚሊዮን ዶላር ነፃ ይሆናል። ብዙ ሰው ገንዘቡ በሌላ ጎል አግቢ ላይ መዋል አለበት ይላል። እኔ አልስማማም። ስትሮምና ዱቧ ጥሩ የመሃል ተጫዋቾች ናቸው፣ ግን ሁለቱም በጥሎ ማለፍ ከሌላው ቡድን አንደኛ መሃል ጋር ፊት ለፊት ገጥመው የሚበልጡ አይደሉም። ካሮላይና ላይ የታየው ይህ ነው። ጎል የሚያገባ በየመስመሩ አለ፣ ሰባቱን ከላይ ቆጥረናል። የጎደለው ፓኩን በመሃል ይዞ፣ ሰው ተለጥፎበት፣ ሳይነጠቅ ወደፊት የሚያሳልፍ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ በሁለት የሦስተኛ ዙር ዕጣ አይገኝም።